ሀኒያን ያጠባች

መሪማና ሰዓዳ የወንድማማቾች ሚስቶች ናቸው፤ ሐይቅ ከተማ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ሲቃረብ ሁለቱም የአራት ወር እርጉዝ ነበሩ። ሰዓዳ አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ሸሸች። መሪማ ግን የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን አማቷን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ገበያው ተዘጋ፤ ወፍጮው ቆመ። ባቄላ እየቆላች፣ ደህናውን ለአማቷ እየሰጠች ከረመች።

ጦርነቱ ሲርቅ ሰዓዳ ወደ ግቢው ተመለሰች፤ መጋቢት ላይ በሳምንት ልዩነት ወለዱ። የሰዓዳ ልጅ ሙሐዲን ድንቡሼ ነበር። የመሪማዋ ሀኒያ ግን ሁለት ኪሎ የማትሞላ፣ በር ሲንኳኳ የምትርድ። ጎረቤት "ማሻአላህ!" የሚለው ሙሐዲንን ነው። መሪማ ልጇን በነጠላ ሸፍና "አዲስ አበባ ስትጠግብ ከርማ!" እያለች በሆዷ ታብሰለስላለች።

ሀኒያ ሦስት ወር ሲሞላት መሪማን ታይፎይድ ጣላት፤ ልጇን ቤት ትታ ደሴ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛች። ስትመለስ ሰዓዳ ደጅ ተቀምጣ ሀኒያን ታጠባለች፤ ሙሐዲን ምንጣፍ ላይ ያለቅሳል።

መሪማ ልጇን ነጠቀቻት። ሀኒያ ጮኸች፤ የእናቷን ጡት ብትሰጣት ፊቷን አዞረች።

"የራስሽ ልጅ አንሶሽ የኔንም ወሰድሽ?"

"ወላሂ፣ በረሃብ ትሙት ኖሯል?" አለች ሰዓዳ። "አሁንማ የሙሐዲን የጡት እህቱ ናት።"

ይህ ቃል ይበልጥ አንገበገባት።

በማግስቱ ጤና ባለሙያዋ ሕይወት ሀኒያን መዘነቻት፤ ግማሽ ኪሎ ጨምራለች።

"ከሆዴ ሳለች ነው የጎዳኋት?" አለች መሪማ።

"ልጅ ከሆድ ሳለ የውጭውን ዓለም የሚያውቀው በእናቱ በኩል ነው፣ መሪምዬ። አንቺ ስትራቢ እሷም በትንሽ መኖርን ለመደች። የጎዳት ጦርነቱ ነው፤ አንቺማ ያለሽን ሰጠሻት። ወተትሽ እስኪመለስ ሰዓዳ ታግዝሽ።"

ከሰዓት በኋላ መሪማ ሰዓዳ ደጅ ቆማ ልጇን ዘረጋችላት። ሰዓዳም ተቀበለቻት። ሀኒያ ስትጠባ ጉሮሮዋ ይሰማ ነበር፤ መሪማ ጥርሷን ነክሳ እስክትጨርስ ቆየች።

ወተቷ በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ሀኒያ ዛሬ ሦስት ዓመቷ ነው። በቁመት ሙሐዲን ይበልጣታል፤ በሩጫ ግን አይደርስባትም። ሲከፋት የምትገባው ሰዓዳ ጉያ ነው። ያኔ መሪማ "ነይ ወዲህ!" ትላታለች፤ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ እየተቆጣ።