ሰባኪው የቀረበት ገና

አሁንም ሚስቱ ሸዋረጋ ናት፣ ስልኩ ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አያነሳውም፣ ካነሳው መስማት ሊኖርበት ነው፣ ከሰማ ደግሞ ስብከቱ ከጭንቅላቱ ብን ብሎ ይጠፋል፣ ሳምንቱን ሙሉ የለፋበት ስብከት፣ አምላክ ለምን ሥጋ ለበሰ፣ ከፍ ካለው ዙፋን ጀምሮ ወደ በረቱ ይወርዳል፣ ከዚያ መላእክቱ፣ ከዚያ እረኞቹ፣ ሕዝቡ እዚህ ጋ ሃሌ ሉያ ይላል፣ እዚህ ጋ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይንቀጠቀጣል። ዝም ይላል። እንደገና።

መኪናው በባዶው የሃርልስደን ሰፈር መንገድ ይሄዳል፣ የፈረንጆቹ ገና ነው፣ ባስ የለ ባቡር የለ፣ ጎረቤቱ ሬድዋን ግን ሙስሊም ነው፣ በዓሉ የሱ አይደለምና ዛሬም ታክሲውን ይዞ ወጥቷል፣ ጋሼ ዓባይ ዌምብሊ ድረስ በእግርዎ ሊሄዱ ነው እንዴ፣ ይግቡ፣ ቤተክርስቲያንዎ በር ላይ አወርድዎታለሁ ብሎ ነው የጫነው። ክራቫቱ አንገቱን ይዞታል።

ያንሱት እንጂ ጋሼ፣ በበዓል ቀን እንዲህ ደጋግሞ የሚደወል ለደህና አይደለም።

ያነሳዋል።

ዓባይ የት ነህ፣ የሚስቱ ድምፅ ጎርንኗል፣ ኤዶምን ኦፕሬሽን አስገቧት፣ ሲያተኩሳት ነው ያደረው፣ ከወሊዱ የቀረ ነገር አለ፣ ኢንፌክሽን ፈጥሮባታል አሉ፣ እኔን ደግሞ ስላሳለኝ ሕፃናቱ ክፍል አትገቢም ብለው በር ላይ አቆሙኝ፣ ልጁ ብቻውን ነው፣ ትሰማኛለህ፣ ሰው ደረት ላይ ሲታቀፍ ነው ትንፋሹ የሚስተካከለው ትላለች ነርሷ፣ ማን ይቀፈው ቢሏት ኤዶም አባቴን ጥሩልኝ አለች።

አባቴን አለች?

አባቴን።

ስብከት አለብኝ እኮ ሸዋዬ፣ ሕዝቡ እየጠበቀኝ ነው።

የሆስፒታል ኮሪደር ድምፅ፣ የሆነ ጋሪ ሲገፋ፣ ሳሏ። ስበክ እንግዲህ፣ ትላለች፣ ትዘጋዋለች።

ስበክ እንግዲህ። ምን ማለት ነው ስበክ እንግዲህ፣ ሰው እኮ ሥራውን ይተዋል እንጂ የጌታን ነገር አይተውም፣ ደግሞስ እሱ ሐኪም ነው? ሄዶ ምን ይሠራል? አባዬ አርግዣለሁ ያለችው ኩሽና ውስጥ ነው፣ እጇ አረፋ በአረፋ፣ ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እሱም አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ጸሎት ክፍሉ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እየተላለፉ እንደ ተከራይ፣ በሆዷ በኩል እንዳያይ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ ያስረገዛት ልጅ ማንችስተር ሄዶ በዚያው ቀረ፣ እሁድ እሁድ ኤዶም የት ጠፋች ሲሉት ሥራ በዝቶባት፣ ሺፍቷ አልመች ብሏት፣ ሽማግሌ ነዋ፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ እንዴት ብሎ። ሕፃኑ ያለጊዜው ሲወለድ ሸዋረጋ ፎቶውን በስልኳ አምጥታ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት፣ ቱቦ ብቻ፣ እግዚአብሔር ይርዳው አለ፣ ለማያውቀው ሰው ልጅ እንደሚባለው።

ልጅዎ ናት የታመመችው? አላህ ያሽራት፣ ይላል ሬድዋን መንገዱን እያየ። በእኛ በኩል መርየም ብቻዋን ነው የወለደችው ይባላል ጋሼ፣ ዘንባባ ሥር፣ አጠገቧ ሰው የሚባል አልነበረም፣ ልጅ ሆኜ ይሄን ስሰማ እናቴን ምን አልኳት መሰልዎት፣ እማ አባቷ የት ሄዶ ነው?

ምን አለችህ?

ምን ትለኛለች፣ አርፈህ ተቀመጥ አለችኝ። ይስቃል።

ዓባይ አይስቅም። አባቷ የት ሄዶ ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ መብራቱ ቀይ ነው፣ መኪና የለ፣ ሰው የለ፣ ዝም ብሎ ቀይ፣ በቀጥታ ሲሄድ ዌምብሊ፣ ሃሌ ሉያ፣ ነጭ የለበሱ መዘምራን፣ ወንበሩ ከፊት፣ ኤዶም ኦፕሬሽን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች፣ በእነዚያ መብራቶች ሥር፣ ብትሞትስ፣ ጌታ ሆይ ብትሞትብኝስ፣ እኔ እዚያ ቆሜ ስለ በረት እያወራሁ ብትሞትስ።

ሬድዋን፣ አዙረው። ሆስፒታል።

ለቤተክርስቲያኑ ይደውላል፣ ፓስተር ቲቶ ወዲያው ያነሳል፣ ከኋላው ከበሮ ይሰማል፣ ወንድም ዓባይ ደረስክ? አልመጣም ፓስተር፣ ልጄ ወልዳ ሆስፒታል ናት፣ አሁን ኦፕሬሽን ላይ ናት። ኤዶም? መቼ አገባች? አላገባችም። ከበሮው ይመታል፣ ይመታል፣ በቃ ተነገረ፣ ማታ ሁሉም ስልክ ላይ ይደርሳል፣ ይድረስ። እንጸልያለን ወንድሜ፣ ግን ማን ይስበክ? አላውቅም፣ ይላል ዓባይ፣ እውነቱንም ነው፣ አያውቅም።

ሸዋረጋ አፏን በማስክ ሸፍና የሕፃናቱ ክፍል በር ላይ ቆማለች፣ ኮቱን ትቀበለዋለች፣ ክራቫቱን ራሷ ትፈታለታለች። ኤዶምስ? አልወጣችም።

እጅዎን እስከ ክርንዎ ይታጠቡ፣ ሸሚዝዎን ያውልቁ፣ ትላለች ነርሷ። ሸሚዜን? ቆዳ ለቆዳ መሆን አለበት። በዚህ ዕድሜው፣ በሰው ልጆች ፊት፣ ሽበታም ደረቱን ገልጦ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሕፃኑን ከማሞቂያው የመስታወት ሳጥን ያወጡታል፣ ገመዱ፣ ቱቦው፣ ትንሿ ኮፍያ፣ ደረቱ ላይ ያስቀምጡለታል።

ክብደት የለውም። አይ፣ አለው፣ ዳቦ ያህል፣ ትኩስ ዳቦ፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ከዓባይ ልብ ጋር አይገጥምም፣ እጁን የት ያድርገው፣ ጣቱ ከልጁ ክንድ ይወፍራል፣ እንዳይሰብረው፣ እንዳይ...

ማሽኑ ይጮኻል።

ምንድነው፣ ምን አደረግኩ፣ መተንፈስ አቆመ፣ ትንሿ ጀርባ ቀጥ ብላለች፣ ነርሷ ትጎነበሳለች፣ አይደንግጡ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ፣ ጀርባውን ያሹት፣ እርስዎ ያሹት፣ እንዲያ አይደለም፣ ጠንከር አድርገው። ያሸዋል፣ አንተ ልጅ፣ ተንፍስ፣ በጌታ ስም ተንፍስ፣ ያንን የመድረክ ድምፁን ይፈልገዋል፣ የለም፣ ተንፍስ የኔ ጌታ፣ ተንፍስ የኤዶም ልጅ፣ እባክህ።

ይተነፍሳል። ማሽኑ ዝም ይላል። ዓባይ ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

እንዲህ ነበር እንዴ። ዙፋኑን ሰበከ፣ ኮከቡን ሰበከ፣ ስንት ዓመት፣ ይሄን ግን አንድ ቀን እንኳ አላለም፣ አምላክ ሰው ካላቀፈው የሚሞት ሆኖ መጣ፣ አንገቱን የማይችል፣ ሽንቱን የማይቆጣጠር፣ የፈራ አናጢ እጅ ላይ ራሱን ጥሎ፣ ሰውየው ጥሎት ቢሄድስ ኖሮ፣ የሰው ወሬ ፈርቶ ቢሄድስ ኖሮ፣ አምላክ ይሄን ያውቃል፣ አውቆ መጣ፣ ይሄንን ሁሉ አውቆ፣ ሥጋ ማለት ይሄ ነው፣ ይሄ የሚሞቅ፣ ይሄ የሚቆም ትንፋሽ፣ እኔ ሥጋ ስል የነበረው ቃሉን ብቻ ነበር፣ ኤዶም ሆይ ኑሪ፣ ኑሪና ስደቢኝ፣ የፈለግሽውን በይኝ ብቻ ኑሪ።

ስንት ሰዓት ሆነ፣ አያውቅም፣ እግሩ ደንዝዟል፣ አይነቃነቅም። በመስኮቱ የቀኑ ብርሃን መድከም ሲጀምር በሩ በሰፊው ይከፈታል፣ አልጋ እየገፉ ነው፣ ከነስታንዱ፣ ከነጉሉኮሱ፣ አልጋው ላይ ኤዶም፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ግን ተከፍቷል፣ ልጇን ትፈልጋለች፣ ታየዋለች፣ ከዚያ ቀና ብላ እሱን፣ ራቁት ደረቱን፣ ያቺን ኮፍያ አገጩ ሥር፣ ታየዋለች፣ ረጅም፣ ይቅር በይኝ ሊላት ይፈልጋል፣ የልጁን ኮፍያ ያስተካክላል።

አባዬ፣ ትላለች፣ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፣ አልበረደህም?

አልበረደኝም፣ ይሞቃል ልጅሽ፣ ነይ፣ አልጋውን አስጠጉልኝ፣ እጅሽን ስጪኝ፣ እዚህ ጋ፣ ጀርባው ላይ፣ አየሽ፣ እየተነፈሰ ነው