ከአውራ ጣቱ ሥር ያመለጠ አየር

ባልና ሚስቱ በግቢያቸው ጋራዥ ሞተር ሲገጥሙ አይተያዩም ነበር። እሷ ከፊት ተንበርክካ ትልቁን ቁልፍ ቀበቶ በሚዞርበት መዘውር፣ በፑሊው፣ ብሎን ላይ ታስገባና ሞተሩን ቀስ አድርጋ ታዞራለች። እሱ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ የመጀመሪያውን ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ በቀኝ አውራ ጣቱ ይደፍናል። ፒስተኑ አየሩን አፍኖ ሲመጣ ጣቱን ይገፋዋል። ያኔ «ቁሚ!» ይላል፤ እሷም ክንዷን ባለበት ታደርቀዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ሚስቱን ቀኑን ሙሉ ቁሚ ቁሚ ይላታል» እያለ ያማው ነበር።

የዚያን ቀን ጧት የነበረው ሥራ ቀላል ነበር። አንድ ባለታክሲ እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ለጥገና ካስፈታ በኋላ ላግዛችሁ ብሎ መኪናውን ማርሽ ውስጥ እንዳለ ገፍቶ ሞተሩን አዙሮታል። ስለዚህ እሳቱ የሚለኮስበትን ቦታ እንደ አዲስ መፈለግ ግድ ሆነ። ቦታውን እንድትጠቁም ፑሊው ላይ የተደረገችው ጭረት አትታመንም፤ ሲሊንደሩ የሚተኩሰው ሞተሩ ሁለቴ ዞሮ አንዴ ሲሆን ጭረቷ ግን በየዙሩ ቦታዋ ላይ ትመጣለች። እውነተኛውን ከአታላዩ የሚለየው ጣት ነው።

ሚስትየዋን ያስጨነቃትም ጣቱ ነበር። ባሏ ቀኝ ጎኑን ታሞ ከተነሳ ወዲህ ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል፤ ሸሚዙን የሚቆልፈው ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው። ምንም ሳትጠይቀው «ድኛለሁ አልኩሽ እኮ!» ይላታል። የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፦ ጣቱ ደንዝዞ ከሆነ፣ እሱ ይህን ያወቀ ዕለት ምን ይውጠዋል?

«ጋሼ፣ ወረቀት ብንወትፍበትስ?» አለ ባለታክሲው። «አየሩ ሲመጣ ተስፈንጥሮ ይወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ወረቀት ጣት ለሌለው ነው። አንተ ዞር በልልኝ፤ እስካሁን የገፋኸው ይበቃናል።»

«እትዬ፣ እባክዎ ያስታርቁን።»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለች ከታች እየሳቀች።

ማዞር ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች ከላይ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ሰማች። አየሩ ከጣቱ ሥር አመለጠ። ክንዷን አደረቀች። ባሏ ግን «ቁሚ» አላላትም። ጆሮውንስ ሞተር ከበላው ቆይቷል፤ ጣቱ ግን አታሎት አያውቅም።

«ምን ይገትርሻል? ቀጥዪ እንጂ!»

ቀጠለች። ጭረቷ በባዶው ዙር ዞራ ስትመጣ በጥድፊያ «ቁሚ!» አላት። በዓይኑ አይቶ እንጂ በጣቱ ተሰምቶት እንዳልሆነ ገባት። ልትናገር አፏን ከፈተች። ባለታክሲው ክንዱን አጣምሮ ያያል። አፏን መልሳ ዘጋች።

ገጣጠሙት። ባለታክሲው ገብቶ ሲያስነሳ ሞተሩ አንዴ አጓራና በካርቡራተሩ አፍ ነበልባል ተፋ። ባሏ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። ቅንድቡ ተለብልቦ ግቢው የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ።

«ኧረ ጋሼ! ታክሲ ባመጣ መድፍ አደረጉት እንዴ?»

«እሷ ናት» አለ ባሏ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ። «አሳለፈችው። ልቧ የት እንዳለ እንጃላት።»

በሰው ፊት በሥራዋ ወቅሷት አያውቅም። ቁልፉን ከመሬት አነሳች። «አዎ፣ ሳላሳልፈው አልቀረሁም» አለች።

ካንዴላውን እንደገና ፈቱት። እንደገና አዞረች፣ እንደገና ፍስስ አለ። አሁን ዝም ብትል ቀጣዩ እሳት ዓይኑን ነው የሚያገኘው።

«አየሩ ወጣ» አለች።

«አልወጣም።»

«ወጣ፣ አንተዬ። ከጣትህ ሥር ነው የወጣው። አሁን።»

ባለታክሲው አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየና «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ። ውሃ እንዳልጠማው ሦስቱም አውቀዋል።

ባሏ አውራ ጣቱን አነሳ። የቀዳዳው ክብ በጥላሸት ታትሞበታል። በግራ እጁ ጥፍር ቆነጠጠው፤ ሥጋው እስኪነጣ ድረስ ቆነጠጠው። ፊቱ ላይ ግን ምንም አልመጣም።

«በግራህ ሞክረው እስቲ።»

«ግራዬ ምን ታውቃለች? አንቺ ያዢው።»

ተነስታ ቀዳዳውን ደፈነች። እሱ በእሷ ቦታ ተንበርክኮ በግራው ያዞር ጀመር። ድንገት አየሩ፣ የጠገበ ሕፃን ጡት እንደሚገፋ፣ ጣቷን ገፋት።

«ቁም!» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። «እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ!» አለ ባለታክሲው፤ ከዚያ ነገሩ ገባውና «የሁለታችሁም» ብሎ ቶሎ ነድቶ ወጣ።

ባሏ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ።»

«ዋሾ።» ጥላሸቱን ከጣቱ ላይ ፈገፈገ። «በሰው ፊት ከምትነግሪኝ እሳቱ ዓይኔን ቢወስደው ይሻለኝ ነበር።»

«እኔን አይሻለኝም።»

በሩ ላይ ክላክስ ተነፋ፤ ሌላ ደንበኛ ነው። ባሏ ቀና ሳይል «የለም በይው» አላት።

እጇን በቱታዋ እየጠረገች ሄደች። ዛሬ የለም ብትል ነገም የለም ማለቷ እንደማይቀር ታወቃት። የበሩን ሁለቱንም ክፋይ ወለል አድርጋ ከፈተች።

«አለ፤ ግባ» አለችው ደንበኛውን።

ዞር ስትል በርጩማው ባዶ ነው። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል። ከውስጥ እሱ የሚገፋው መቀርቀሪያ ማስገቢያ ብረቱን ሲስት፣ ሲንሸራተት፣ እንደገና ሲስት ይሰማታል። ደንበኛው ኮፈኑን ከፍቶ የመኪናውን ሕመም ይነግራታል፤ እሷ ግን መቀርቀሪያው ቦታው እስኪገባ ድረስ አንድም ቃል አልሰማችም።