ከምሳ በኋላ ያለው ወለል

አንጣፊው ከምሳ በኋላ ማጎንበስ ከፈራ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ጠዋት ማንም አይደርስበትም፤ ተንበርክኮ ሴራሚኩን በጎማ መዶሻ መታ መታ እያደረገ ከግድግዳ ግድግዳ ይነጉዳል። በልቶ ጎንበስ ሲል ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ እየጎመዘዘና እየለበለበ ጉሮሮው ድረስ ይወጣል። ይነሣል። ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ውኃ ይጎነጫል፣ ይመለሳል፣ ይንበረከካል፣ ደግሞ ይነሣል።

የመረመረችው ሐኪም ቃር ነው ብላዋለች። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጥብስና ቡና ለጊዜው ይቅሩ፤ ትንሽ ትንሽ ብላ፤ በልተህ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አትተኛ፣ አታጎንብስም።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ወለል ነው የማነጥፈው» አላት።

«እሱን ከሥራ ጓደኛህ ጋር ተነጋገርበት።»

አልተነጋገረም። ማጎንበስ የማይችል አንጣፊ ማን ይፈልጋል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ሆዱም ፈጀው።

ጓደኛው ውኃ ልክ ይባላል፤ የወለል መለኪያውን ከእጁ ስለማይለይ የወጣለት ስም ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ዘጠኝ ዓመት የውኃ ልክ ሚስት የምትቋጥረውን ምሳ ከአንድ ሳህን በልተዋል። አሁን ግን አንጣፊው የተቀቀለ ድንች በፌስታል ይዞ እየመጣ ደረጃው ላይ ብቻውን ይበላል።

የዚያን ቀን ውኃ ልክ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። ሩዝና በቲማቲም የተጠበሰ ሥጋ ነው፤ ሽታው የሚሠሩበትን አዳራሽ ሞላው።

«ና ቅረብ።»

«በልቻለሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

«ቅድም እኮ አብረን ነበርን። ሲሚንቶ ነው የበላኸው?»

አንጣፊው ፌስታሉን አንሥቶ ወደ ደረጃው ሄደ። ውኃ ልክ ማንኪያውን ሳያነሣ ክዳኑን ገጠመና ተከተለው።

«ሚስቴ ትናንት ምን አለች መሰለህ? ‹ምን በድዬው ነው፣ እጄን ተጸየፈው ወይ› አለችኝ። ምን ልበላት?»

«ምንም አላደረገችኝም።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ።»

«አንተም አይደለህም።»

«አየህ፣ የተጣላኝ ሰው ይሰድበኛል፣ እሰድበዋለሁ፣ ያልቃል። አንተ ግን ታኮርፋለህ። ካኮረፈኝ ሰው ጋር አልሠራም። ይሄን አዳራሽ እንጨርስና በየፊናችን።»

አንጣፊው ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ሁለት ደረጃ ወርዶ ተመለሰ። ቢናገር ሥራው ሊቀርበት ነው፤ ዝም ሲል ደግሞ ይኸው፣ ሥራውም ሰውየውም እየሄዱ ነው።

«ከበላሁ በኋላ ማጎንበስ አልችልም» አለ በመጨረሻ። «እሳት ነው የሚወጣብኝ። የሚስትህ ጥብስ ባሰኘኝ ቁጥር ነው የምሸሸው። ቃር ነው።»

ውኃ ልክ ደረጃው ሥር ያለ የሴራሚክ ሙጫ ከረጢት ላይ ዘጭ አለ።

«ቃር? እኔ ሌላ ጓደኛ አገኘ ብዬ ስብሰለሰል፣ አንተ ቃር?» ከፌስታሉ አንድ ድንች አውጥቶ ገመጠ፤ ረጅም ጊዜ አላመጠ። «እኔም ይቺን ብበላ አኮርፍ ነበር።»

«ሥራውስ?»

«ጠዋት ወለሉ ያንተ፣ ግድግዳው የኔ። ከምሳ በኋላ እንቀያየራለን። ለሚስቴ ግን አንተው ራስህ ትነግራታለህ።»

ከሰዓት በኋላ አንጣፊው ቀጥ ብሎ ቆሞ ግድግዳውን በሴራሚክ ለበጠ። ቃሩ አልመጣበትም። እሱ ግን ሊረጋጋ አልቻለም፤ ከኋላው የውኃ ልክ የሃምሳ ዓመት ጉልበት በየሴራሚኩ ይንቋቋል። ስንት ከሰዓት ይችላል? አንድ ወር? አንድ ለብጦ ይዞራል፣ አንድ ለብጦ ይዞራል።

«ፊትህን ወደ ግድግዳህ» አለው ውኃ ልክ ቀና ሳይል። «አጣመምከው እኮ።»

እውነቱን ነው፤ አጣሞታል። ነቅሎ መለሰው። ከበላ ሦስት ሰዓት ሲሞላው መጥቶ መዶሻውን ከውኃ ልክ እጅ ወሰደ።

«ተነሣ፣ ሆዴ ባዶ ነው።»

ጎንበስ አለና ቃሩን ጠበቀ። አልመጣም። ገና ይሆናል ብሎ ሌላ ሴራሚክ አነሣ።