አስተርጓሚው ሾፌር

ሕሩይ ሰልፈኞቹን ያያቸው ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ኤርፖርት ሲጣደፍ ነው። ቻምበርስ ሮድ አጠገብ፣ አፓርታማዎቹና ሱቆቹ በተደረደሩበት፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ጽሑፍ ይዘው መንገዱን ቀስ እያሉ ይሻገራሉ፤ ማዶ ሲደርሱ ደግሞ ይመለሳሉ። ከተማው ባለ አራት ሌኑን መንገድ ስድስት ሌን ሊያደርገው አስቧል። ሰዎቹ የወጡት አይሰፋም ብለው ነው።

ሕሩይ ይስፋ ከሚሉት ወገን ነበር። ቤቱ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ነው፤ በቀን አሥር ሰዓት መሪ ጨብጦ ይውላል። እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ሊሰፋ ነው ቢባል ምን ብሎ ይቃወማል? ሾፌሮች ባዘጋጁት የድጋፍ ወረቀት ላይ ሦስተኛው ፈራሚ እሱ ነው።

መብራቱ አረንጓዴ ቢሆንም የሚሻገረው ሰው አላለቀም። ተሳፋሪው ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ ሕሩይ ክላክሱን ተጭኖ አስጮኸው። ከሰልፈኞቹ መሀል ወፍራም ጃኬት የለበሱ አንዲት ሴት ዞር ብለው በቀጥታ ወደ እሱ መጡ። መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ክው አለ። እትዬ ምንትዋብ ናቸው! እሱና ሚስቱ እዚያው አፓርታማ ሲኖሩ ጎረቤታቸው ነበሩ፤ ሁለቱም ሥራ ሲውሉ ልጃቸውን እድላዊትን አራት ዓመት የያዙላቸው እሳቸው ናቸው።

«ሕሩይ! በእኔ ላይ ነው ክላክስ የምታስጮኸው?»

«ይቅርታ እትዬ፣ አላየሁዎትም።»

«አየኸኝም አላየኸኝም፣ የሚሻገረው ሰው ነው» አሉና ድምፃቸውን አለዘቡ። «በል፣ ሐሙስ በመንገዱ ጉዳይ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ አለ። ልናገር ተመዝግቤያለሁ። እንግሊዝኛዬን መቼም ታውቀዋለህ፤ አንተ ታስተረጉምልኛለህ።»

ከኋላው ያሉት መኪኖች ይጮሃሉ። «እሺ» ብሎ ነዳ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተ። የድጋፉን ወረቀት ያዘጋጁት ጋሽ ዑቕባይ ናቸው። አንጋፋ ሾፌር ናቸው፤ ሕሩይ ሥራውን ሲጀምር እጁን ይዘው ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ለእትዬ ምንትዋብ ሊያስተረጉም መሆኑን ሊነግራቸው ስልኩን አንስቶ ሁለቴ መልሶ አስቀመጠው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አፓርታማው ጋ ቦታ ቢያጣ መኪናውን ሱቆቹ ጋ ፓርክ አደረገና እትዬ ምንትዋብን ከቤታቸው ይዞ በእግር ወጣ። መኪናው ያለው ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ መሻገር ነበረባቸው። የእግረኛው ምልክት እንደበራ ተነሱ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዝግታ ነው የሚራመዱት። ገና መሀል ሳይደርሱ ምልክቱ መቁጠር ጀመረ፤ መንገዱን ለሁለት የሚከፍለው አካፋይ ላይ ሲደርሱ ቀይ ሆነ። አካፋዩ ጠባብ የሲሚንቶ ጠርዝ ነው። ከፊትም ከኋላም መኪኖች ይወረወራሉ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ልብሳቸውን አርገበገበው፤ እትዬ ምንትዋብ ክንዱን አጥብቀው ያዙ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላቸው።

«ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ በአንድ መብራት ተሻግሬ አላውቅም። ስድስት ሌን ሲሆን ደግሞ መሀሉም ይርቀኛል።»

ሕሩይ በዚያ መንገድ ለዓመታት ሲነዳ አካፋዩ ላይ ቆሞ አያውቅም። ምልክቱ እንደገና እስኪበራ እጃቸውን አልለቀቀም።

አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ዑቕባይ ከፊት ተቀምጠዋል። ተራቸው ሲደርስ እትዬ ምንትዋብ ማይክሮፎኑ ጋ ቆመው ስለ መሻገሪያው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ በረዶ ሲጥል እቤት ስለሚውሉት ጎረቤቶቻቸው ተናገሩ፤ ሕሩይም ተረጎመ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ሾፌሮችን አልጠላም። ይኸው ልጄ የምለው ሾፌር ነው፤ መንገዱ ይስፋ ብሎ ፈርሟል። ግን እሱም ከመኪናው ሲወርድ እግረኛ ነው።»

ለካ መፈረሙን ያውቃሉ! ያቺን አንዷን ነገር ቢዘላት ከሰብሳቢዎቹ ማንም አያውቅበትም። ሕሩይ ወደ እሳቸው አየ፤ አምነውት ይጠብቃሉ። አንዲት ቃል ሳያስቀር ተረጎመው። አዳራሹ ሳቀ።

ሰብሳቢዋም ፈገግ ብላ «ታዲያ እርስዎ ራስዎ ምን ይላሉ?» አለችው።

«የፈረምኩት እውነት ነው። መጨናነቁም እውነት ነው» አለ። «ግን ዛሬ አብሬያቸው ተሻገርኩ። መሀል ላይ ቀረን፤ ፈራሁ። እባካችሁ ስሜን ከወረቀቱ ላይ ሰርዙልኝ።»

ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ ስድስት ለሦስት ሆነ፤ መንገዱ አይሰፋም። በምትኩ የእግረኛው ጊዜ እንዲረዝምና መሀሉ ላይ ሰው ተረጋግቶ የሚቆምበት ቦታ እንዲሠራ ተወሰነ። እትዬ ምንትዋብ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ሲሉ ሕሩይ በአማርኛ ነገራቸው። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው «ተመስገን» አሉ። እሱም ሲተነፍስ ደረቱ ቀለል አለው።

ውጭ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ጋሽ ዑቕባይ ወደ መኪናው መጡ።

«ሐሳብህን መቀየርህን ቀድመህ ልትነግረኝ ትችል ነበር» አሉት።

«ፈራሁዎት፣ ጋሼ።»

«እኔን?» ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እናቴ እዚያ መሀል ብትቆም እኔስ ምን አደርጋለሁ? መንገዱ መጥበቡን ግን አልክድም፤ ነገም እናገራለሁ።»

«እኔም አልካድኩም፤ ነገም ስጨናነቅ እናደዳለሁ።»

«እንግዲያ ማልዳችሁ ተነሱ!» አሉ እትዬ ምንትዋብ።

ሕሩይ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። የኋላውን በር ለእሳቸው ከፈተና ጋሽ ዑቕባይን «ይግቡ፤ እራት አብረን እንበላለን» አላቸው። እሳቸውም ትንሽ ካንገራገሩ በኋላ ገቡ።