ማንም የማያነሳው ቁጥር

በዚያ ምሽት በሕንፃው ያለ ወንበር ሁሉ ተጓጉዞ እነ ጣቶ ሳሎን ገብቷል። ጣቶ የተባለው በየድራማው ጎልቶ የሚታየው ጣት የሱ ስለሆነ ነው። መሪ ተዋናዩ ጥፍሩን ስለሚበላ ስልክ መደወል፣ የበር ደወል መጫን፣ ቃታ መሳብ የጣቶ ድርሻ ነው። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ተዋናዩ ነው ጣቱን አጅቦ የሚተውነው።

«ዛሬ ጣቴ ብቻውን አሥራ አንድ ሰከንድ ይታያል!» ብሎ ጎረቤቱን የጠራው ራሱ ነው። አሁን መብራት በጠፋ ብሎ የሚጸልየውም ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀረጻው ላይ ዕቃ ኃላፊዋ ብጣሽ ወረቀት ሰጥታው ነበር።

«ማንም የማያነሳው ቁጥር ነው። ሦስት ቀን ለፍቼ ነው ያገኘሁት፤ አንዷን እንዳትስት፣ አደራ!»

«ማ፣ እኔ? ይሄ ጣት ተሳስቶ አያውቅም!»

ካሜራው ሲጠጋው ግን ወረቀቱን አላየም። ጣቱ ሃያ ዓመት በለመደው መንገድ ሽምጥ ጋለበና የታላቅ ወንድሙን ቁጥር ደወለ። የቀረጻ ስልክ ነውና የትም አልጠራም። ጣቶ ጉዱን ያወቀው ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ ነው።

ከወንድሙ ጋር ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በእህታቸው ሰርግ ላይ ወንድምየው «የኛ ቤት ተዋናይ ከክርን በላይ ታይቶ አያውቅም» ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው አሳቀበት። ጣቶም «ቁጥርህን ከስልኬም ከጭንቅላቴም ፍቄዋለሁ!» ብሎ ማለ፤ መሐላውን ያልሰማ ጆሮ የለም። ዛሬ የገዛ ጣቱ በአገር ፊት ሊያዋርደው ነው።

ተነሳ፤ ተቀመጠ። መጋረጃ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋ። ውሃ ቀድቶ ሳይጠጣው ረሳው።

«ምን ያቁነጠንጥሃል? መርፌ ላይ ነው የተቀመጥከው?» አለች ሚስቱ።

«ቻናሉን ብንቀይረውስ? ኳስ አለ።»

«ይሄን ሁሉ ሰው ጠርተህ? ዞር በል፣ ጣትህን ልይበት!»

ልጅቷ የታመመችበት አባት ዶክተር ጋ ሊደውል ሲል ጣቱ መጣ። ምሰሶ አክሎ ቁጥሩን አንድ በአንድ ተጫነ፤ አሃዞቹም በስልኩ መስኮት ላይ ተደረደሩ። ጎረቤት አጨበጨበ። ሚስቱ ግን አላጨበጨበችም።

«ይሄ የጋሼ ቁጥር አይደል እንዴ?»

«ተመሳስሎብሽ ነው።»

«የሰርጌን ቀን እረሳለሁ እንጂ እሱን አልረሳም!»

ጣቶ ስልኩን አፈፍ አድርጎ ኮሪደር ወጣ። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ ወንድሙን ላስጠንቅቀው ብሎ ደወለ። ተይዟል። ደገመ፤ ተይዟል። ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር አሥር ጊዜ ለካው፤ አሁንም ተይዟል። ሊተወው ሲል ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ስማ፣ አርባ ሰው ደወለልኝ። ‹ዶክተር፣ ልጅቷ ትድናለች?› ይሉኛል። እኔ ጎማ ጠጋኝ ነኝ!»

«ምን አልካቸው?»

«ትድናለች አልኳ! ምን ልበል? አገር ሙሉ ደወለልኝ። አንተ ብቻ ቀረህ።»

ጣቶ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«እኔ ነኝ የቀረሁት? ከሁሉ ቀድሜ የደወልኩ እኔ! አገር ምስክሬ ነው።»

«በድራማ ስልክ?»

«ታዲያ ደረሰህ አልደረሰህም?»