የአባ ገስግስ ኮርቻ

አሻግሬ ቀዩን ግላስ ፈረሱ ላይ ሊያለብስ ሲያነሳ እህቱ አስቻለች ክንዱን ይዛ መለሰችው።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እየው።"

"ምኑን?"

ፈረሱን በገመዱ ይዛ አዞረችና ግራ ጎኑን አሳየችው። ከጋማው ሥር ዝቅ ብሎ፣ ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ። ዳር ዳሩ አዲስ ቆዳ ማውጣት ጀምሯል፤ መሐሉ ግን ገና ቀይ ነው፤ ያዣል። አሻግሬ ከኮቱ ኪስ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። ደሴ ከገባ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ለአባቱ ቀብር አልደረሰም፤ የመጣው በማግሥቱ ነው።

"መቼ ነው እንዲህ የሆነው?"

"አባትህን ሐኪም ቤት ሳመላልስ።"

"በስልክ ስጠይቅሽ ሁሉም ደህና ነው አላልሽኝም?"

"ደህና ናችሁ ወይ አልኸኝ፤ ደህና ነን አልሁህ። ደህና አይደለንም ብል ምን ልታደርግ ነበር?"

ከአጥሩ ማዶ፣ ከሜዳው ላይ፣ የለቅሶው ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። የሰልስቱ ቀን ነው። ሰው ሲሞት ወዳጁ ይበዛል፤ የአባ ገስግስ ወዳጅማ ዳሱን ሞልቶ እስከ ገብሱ ክምር ድረስ ተቀምጧል። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቀው ቄሱ ብቻ ነው፤ ዓባይነህ የሚለውን የዓለም ስማቸውንም ቢሆን ከቀበሌ መዝገብ በቀር የሚጠራው የለም። አገሩ ሁሉ በፈረሳቸው ስም አባ ገስግስ ይላቸዋል። በጥምቀት ጉግስ ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ የሚስተካከላቸው አልነበረም።

እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ደግሞ ወጉ የታወቀ ነው። ፈረሱ በሙሉ ዕቃው ይጫናል፤ የሟቹ ካባ በኮርቻው ላይ ይደረባል፤ ከልጆቹ አንዱ እየሳበ በለቅሶተኛው ፊት ያዞረዋል። ባዶውን ኮርቻ ያየ ሰው ያለቅሳል። ሳይጫን የቀረ እንደሆነ ግን ልጆቹ አባታቸውን እንደ ተራ ሰው ቀበሩት ይባላል፤ ይህ ወሬ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

"አንድ ዙር ብቻ ነው እኮ፣ እታለም" አለ አሻግሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከሥሩ ወፍራም መደላድል እናደርግለታለን። ሰውም አያየውም።"

አስቻለች ይህን ነገር ታውቀዋለች። እሷ ራሷ ስንት ረቡዕ ያለችው ነገር ነው።

አባቷ የልብ ሕመም ከያዛቸው ወዲህ በየረቡዑ መካነ ሰላም መውረድ ነበረባቸው። በፈረስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን መንገዱ ራሱ መድኃኒት ሆኖላቸው ነበር። እቤት አሥር እርምጃ ሲሄዱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰው እግራቸው እርካብ ከነካ ወገባቸው ቀጥ ይላል፤ ፊታቸው ይፈካል፤ መንገደኛውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ሰላም ይላሉ። "ፈረስ ላይ ስወጣ ሕመሜ መሬት ይቀራል" ይሏት ነበር፤ እሷም በእግሯ ከኋላ እየተከተለች ደስ ይላታል። እግራቸው ሲያብጥና ጉልበታቸው ሲከዳቸው ግን ወደ ግራ መዘንበል ጀመሩ። እንዳይወድቁባት ብላ አንድ ኬሻ አጣጥፋ በኮርቻው ግራ ጎን ከሥር ወተፈችበት። ጠፍሩንም አጠበቀችው። አባቷ ተደግፈው ቀና አሉ፤ የሰውዬው ክብደት ግን ሁሉ በዚያች በኬሻዋ እጥፋት ላይ አረፈ።

በአራተኛው ረቡዕ ኮርቻውን ስታወርድ ኬሻው ረጥቦ አገኘችው። ለአባቷ አልነገረችም። ብትነግራቸው እንደማይወጡ ታውቃለች፤ ገጣባ ፈረስ ላይ የሚወጣን ሰው በሕይወታቸው ሙሉ ሲሳደቡ የኖሩ ናቸው። ጎረቤት እንደመከራት የባትሪ ድንጋይ ሰብራ ጥቁሩን ዱቄት ነሰነሰችበት። በላዩ ሌላ መደላድል ጨመረች። ፈረሱ አልነከሳት፣ አልረገጣት። ስትጭነው ቆዳው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ይቆምላታል።

ያወቁት ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ሳያዩ። ወንዙን እንደተሻገሩ ዛቡን ሳብ አድርገው አቆሙት።

"ገስግስ በግራው እየሳሳ ነው የሚረግጠው። አውርጂኝ።"

"ድንጋይ ወግቶት ይሆናል፣ አባዬ። ትንሽ ነው የቀረን።"

"አውርጂኝ አልሁሽ!"

አወረደቻቸው። መደላድሉን በገዛ እጃቸው ገልጠው አዩ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። "እኔን ለማሰንበት ነው ይህን የሠራሽው?" አሏት። ያን ቀን በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ በየሃያ እርምጃው እየተቀመጡ፣ ሲመሽ እቤት ገቡ። ዳግመኛ ፈረስ ላይ አልወጡም።

በማግሥቱ አስቻለች የቅሬው ዳኛ ወደሆኑት ወደ አያ ቢተው ሄደች። ቅሬው ሙት ይቀብራል፤ ሕመምተኛም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ቢተው ገብስ እያሳጨዱ ነበር። ሰው ሁሉ እጁ ማጭድ ላይ መሆኑን ነገሯት። ደግሞም ፈረስ ያለውን ሰው ቅሬ ሲሸከም የት አገር ታይቷል? እሁድ እንሰበሰብበታለን አሉ። እሁድ ሰው አልሞላም። በሚቀጥለው እሁድ ዝናብ ያዘና ሰው ሁሉ ወደ ነዶው ሮጠ። ሦስት ረቡዕ አለፈ። ከዚያ በኋላ ቅሬው በሙሉ መጣ፤ ለመቅበር።

"አስቻለች!" የአያ ቢተው ድምፅ ነበር፤ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአጥሩ በር ገቡ። ከኋላቸው ጀማሉዲን ተከትሏቸዋል። ጀማሉዲን መካነ ሰላም ገበያ ላይ ኮርቻና ልጓም የሚጠግን፣ የአባቷ የረጅም ዘመን ወዳጅ ነው። "ምነው ዘገያችሁ? ሕዝቡ ፈረሱን ይጠብቃል። የወግዲ ሰዎችም መጥተዋል።"

"ፈረሱ ታሟል፣ አያ ቢተው" አለች።

ሰውዬው ቀረብ ብለው ቁስሉን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። "አይይ! እንዲህ ብሶበታል እንዴ?"

"ነግሬዎት ነበር። ፈረሱ ተገጥቧል፣ አባቴን የሚሸከምልኝ አጣሁ ብዬ ደጅዎ መጥቻለሁ።"

"ትንሽ ጭረት መስሎኝ! እንዲህ መሆኑን በምን ልወቅ?" ቢተው ወደ አሻግሬ ዞሩ። "በሉ አሁን ያለፈው አልፏል። ግላሱ ይሸፍነዋል። አንድ ዙር ነው፤ ለአባታችሁ ክብር ነው።"

"ወላሂ፣ ኮርቻ ካረፈበት የሦስት ሳምንት ልፋቷ ባንድ ጀንበር ይጠፋል" አለ ጀማሉዲን። ያን የባትሪ ዱቄት ጠርጎ ያነሳላት፣ ለብ ባለ ጨው ውኃ ጠዋትና ማታ እንድታጥበው ያሳያት እሱ ነው። "ሁለት ወር ጨርቅም አይንካው ብያት ነበር። ይሄ መሐሉ ከተላጠ ወደ አጥንት ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ፈረስ የለም።"

"እንግዲህ ጌታው ከሞተ…" አሉ ቢተው፤ አልጨረሱትም።

አሻግሬ የእህቱን ክንድ ይዞ ራቅ አደረጋት። ዓይኑ ቀልቷል።

"እኔ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ሰው ሁሉ ያን ነው የሚያወራው፤ ስገባ ሰምቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ፈረሱ ባዶውን ቢወጣ ምን ይሉኛል? ልጁ ከደሴ መጥቶ የአባቱን ኮርቻ እንኳ አላስጫነም ይሉኛል። እባክሽ እታለም፣ በእናታችን አፈር። ከዚህ በኋላ ፈረሱን ለሐኪም አሳይልሻለሁ።"

አስቻለች ወንድሟ አሳዘናት። የሚያሳዝን ነገሩ እውነቱን መሆኑ ነው፤ ከልቡ የሚወዳቸውን አባቱን አንዴ እንኳ ሳይደግፍ አፈር አልብሰውበታል። እሷም ብትሆን ከነዚህ ሰዎች ጋር መኖር አለባት። ከባሏ ተፋታ አባቷ ቤት የገባች ሴት ናት፤ ነገ የሚያርስላት፣ ከነገ ወዲያ የሚቀብራት ይኸው ቅሬ ነው።

"አምጣው" አለች።

አሻግሬ እየሮጠ ገብቶ ኮርቻውን ከግድግዳው አውርዶ አመጣ። ከአያታቸው የተላለፈ፣ እንጨቱ በቆዳ የተለበጠ፣ ፊቱ በነሐስ ያጌጠ ኮርቻ ነው። ትናንት ማታ በቅቤ ወልውሎት ያብረቀርቃል። መሬት ላይ አስቀመጠው። ጀማሉዲን ፊቱን አዞረ።

አስቻለች መደላድሉን አንስታ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ የፈረሱ ጀርባ ላይ አሳረፈችው። የገስግስ ቆዳ ከትከሻው እስከ ታፋው ተንቀጠቀጠ። አራት እግሩን መሬት ላይ ተከለ፤ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ትንፋሹን ይዞ ቆመላት። እንደ ረቡዕ ቀን። ምን እንደሚመጣበት ያውቃል፤ ግን ይቆማል። ጥርሱን ቢያሳያት፣ ቢረግጣት፣ ሰበብ በሆናት ነበር።

ከሜዳው ላይ የሙሾ አውራጇ ድምፅ ነጥሮ ወጣ፦

"ፈረሱን ማን ጫነው፣ ልጓሙን ማን ያዘው፣
አባ ገስግስ ዛሬ በሰው ትከሻ ነው።"

ሕዝቡ ተቀብሎ አስተጋባ። በሰው ትከሻ ነው፣ በሰው ትከሻ ነው። ያን ሁሉ የወንድ ድምፅ ሰማች፤ አብዛኛውን ከነስሙ ታውቀዋለች። ያ ሁሉ ትከሻ በሦስቱ ረቡዕ የት ነበር? አራት ሰው ይበቃ ነበር። አራት ሰው፣ ሁለት እንጨት፣ አንድ ጋቢ። ተናደደች፤ ከሁሉም በላይ በራሷ ላይ፤ ይህንኑ ፈረስ ለአራተኛ ይሁን ለአምስተኛ ጊዜ ልታታልለው መደላድል ይዛ ቆማለችና።

መደላድሉን አነሳችው። ከሥሩ ትንሽ ደም ይዞ ተነሳ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ አሻግሬ።

"ልጓሙን ስጠኝ።"

"ኮርቻው ሳይጫን?"

"ልጓሙን ስጠኝ፣ አሻግሬ።"

ሰጣት። ልጓሙን አጎረሰችው፤ ጋማውን በጣቶቿ አበጠረችለት። የአባቷን ካባ ከአጥሩ ላይ አንስታ በራሷ ትከሻ ላይ ደረበች። ቢተው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ መጀመሪያ የሚያልፉላት አልመሰሉም። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ሲመጣባቸው ግን ወደ ጎን አሉ።

"አብሽሪ" አላት ጀማሉዲን ስታልፍ።

ሜዳው ላይ ስትወጣ ሕዝቡ እንደወጉ ብድግ አለ። በዳሱ ፊት ለፊት፣ የፈረሱ ግራ ጎን ወደ ሰዉ እንዲሆን አድርጋ፣ ቀስ እያለች ሳበችው። ገና ከመጀመሪያው ረድፍ ያሉት ሴቶች "ወይኔ!" ብለው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየበረደ ሄደ፤ ሙሾ አውራጇም የጀመረችውን ስንኝ ሳትጨርስ ተወችው። የሚሰማው የፈረሱ ኮቴ ብቻ ሆነ። ገብስ ያጨዱት ወንዶች በተርታ ቆመዋል። አንዳንዱ ቁስሉን ያያል፤ አንዳንዱ እሷን ያያል፤ አብዛኛው መሬት መሬቱን ያያል። አንድም ሰው ዘላ አላለፈችም። ዙሩን ስትጨርስ ቢተው ከበሩ ፈጠን ፈጠን እያሉ መጥተው አጠገቧ ደረሱ፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

"ይበቃል፣ ልጄ፣ ይበቃል" አሉ በሹክሹክታ። "ሰው ፊት አዋረድሽን። ቢያንስ ኮርቻው ይታይ እንጂ፤ ኮርቻውስ?"

"አሻግሬ ተሸክሞት ይመጣል" አለች አስቻለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። "ከከበደው ቅሬው ያግዘው።"

ዛቡን ሳብ አደረገችና ሁለተኛውን ዙር ጀመረች።