ከውሳኔው የቀደመ መልእክት

መልእክቱ ሲደርሰው አናጺው የበር ቋሚ እየላገ ነበር። «ኩላሊት ተመድቦልዎታል፤ ምግብ ሳይቀምሱ በፍጥነት ይምጡ» ይላል። ለሚስቱ አሳያት፤ እሷ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ። ዓመታት ሙሉ ደሙ በማሽን እየተጣራ የኖረ ሰው ነው። መሣሪያውን ሳይሰበስብ፣ ብናኙን ከፀጉሩ ሳያራግፍ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሆስፒታል በረሩ።

የኩላሊት ወረፋ መዝጋቢዋ ስሙን ከኮምፒውተሩ ስታወጣ «ተጠባባቂ» ይላል። ደግማ አየች፤ ያው ነው። ጠዋት «ተመድቧል» የሚለውን እንደነካችለት በደንብ ታስታውሳለች፤ ሲስተሙ ግን ምንም እንዳልሆነ ቁጭ ብሏል። ሐኪሙ መጥቶ፣ የተገኘው ኩላሊት ከአናጺው ደም ጋር እንደማይስማማና ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገረው። ታዲያ መልእክቱን ማን ላከው ሲባል ሁሉም ዞሮ መዝጋቢዋን አየ። መተላለፊያው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የሐኪሞቹ ኃላፊ የአፉን ሁሉ አወረደባት። አናጺው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ያለቀሰችው ሚስቱ ናት።

ሲስተሙን የሠራው ድርጅት ሲጠየቅ ሥራ አስኪያጁ ሳይመረምር መለሰ፦ ሲስተሙ ጤነኛ ነው፤ ሠራተኛዋ ናት የተሳሳተችው። ሆስፒታሉም አምኖት መዝጋቢዋን ከሥራ አገዳት።

ይህን የሰማችው እዚያው ድርጅት ኮድ የምትጽፍ ሴት ናት። የያዘችውን ስለማትለቅ ባልደረቦቿ ቆንጥር ይሏታል። ኮዱን ከፈተች፤ ብዙ መቆፈርም አላስፈለጋትም። አንድ ታካሚ ከ«ተጠባባቂ» ወደ «ተመድቧል» ሲዛወር በራሳቸው እየተከታተሉ የሚነሡ ትእዛዞች አሉ፤ በሙያው ኮልባክ ይባላሉ። አንዱ ለታካሚው መልእክት ይልካል። ሌላው ደሙ ከኩላሊቱ ጋር መስማማቱን ያጣራል፤ ካልተስማማ ዝውውሩን ሰርዞ ታካሚውን ወደነበረበት ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል፤ መልእክቱ ይወጣል፣ ማጣራቱ ከኋላ ይመጣል። መዝገቡ ወደ ኋላ ይመለሳል። የተላከ መልእክት ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የገለበጠው ማን እንደሆነም አየች። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው፤ ሲስተሙን ለእንግዶች ሲያሳይ መልእክቱ ዘገየብኝ ብሎ ወደ ላይ አውጥቶታል።

ደሟ ፈላ። በሩን ሳታንኳኳ ገባችበት። እሱ ግን አልደነገጠም፤ ዛሬውኑ አርሚው፣ ለሆስፒታሉ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ውላችን ሊታደስ ነው አላት።

«ሴትዮዋስ?»

«ሌላ ሥራ አታጣም። ሰው ተሳሳተ ቢባል ማንም አይገርመውም፤ ሲስተሙ ተሳሳተ ከተባለ ግን አለቀልን።»

«የተሳሳትከው አንተ ነህ። አንተም ሰው ነህ» አለችውና ላፕቶፗን ይዛ ወጣች።

በቀጥታ ሆስፒታል ሄዳ የሐኪሞቹን ኃላፊ አስቀመጠች፤ መዝጋቢዋም ከቤቷ ተጠርታ እንድትመጣ አደረገች። የሌለ ታካሚ ፈጥራ በራሷ ስልክ ቁጥር መዘገበችው፣ የማይስማማ ደም ሰጠችው፣ ከዚያ «ተመድቧል» የሚለውን ነካች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንጫረረ፤ ያው መልእክት ነው። ስክሪኑ «ተጠባባቂ» ይላል። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንግዲህ ወደ ሥራሽ ተመለሺ፣ ይቅርታ፣ አላት መዝጋቢዋን።

«እዚህ አይደለም» አለችው። «የተሰደብኩት መተላለፊያው ላይ ነው።»

ኃላፊው ፊቱ ደም መሰለ፤ ግን ወጣ። እዚያው ቆሞ፣ ሰው እየሰማ፣ ይቅርታውን ደገመ።

ቆንጥር አናጺውን ያገኘችው ደሙ በሚጣራበት ክፍል ነው፤ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። የሆነውን ሳትሸፋፍን ነገረችው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። እናስተካክለዋለን።»

«ልጄ፣ ሚስቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። እሱንም ታስተካክሉታላችሁ?»

ከዚያ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ፣ «ከእንግዲህ ማሽን እንዳይነግረኝ። ሰው ይደውልልኝ» አላት።

ቢሮ ተመልሳ ኮዱን እንደ አዲስ ጻፈችው። ማንም ታካሚ «በማጣራት ላይ» የሚለውን ሳያልፍ «ተመድቧል» ላይ እንዳይደርስ አገደች። ሁሉም ተጣርቶ፣ ተወስኖ፣ መዝገቡ ላይ ከጸና በኋላም ለታካሚው የሚሄድ መልእክት የለም፤ ለመዝጋቢዋ «ደውዪ» የሚል ማሳሰቢያ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ወደ ኋላ ቀርተናል ብሎ ጮኸ። ሊያባርራት አልቻለም፤ ሆስፒታሉ ከእሷ በቀር ማንንም አላነጋግርም ብሏል። ሰላምታውን ግን አቋረጠ። እሷም አልናፈቃትም።

ወራት አልፈው ለአናጺው የሚስማማ ኩላሊት ተገኘ። መዝጋቢዋ ስትደውል አናጺው ንግግሯን አላስጨረሳትም፤ ደግሞ ሊያታልሉኝ ነው ብሎ ሰድቧት ዘጋባት። ደግማ ደወለች፤ ባሰበት። በኋላ ሚስቱ ስልኩን ነጥቃ፣ አንቺ ደግሞ ማን ነሽ ብላ ጠየቀች። «ያን ዕለት መተላለፊያው ላይ በእናንተ ምክንያት የተሰደብኩት ነኝ። ተነሡና ኑ» አለቻት። መጡ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ።

ቆንጥር ይህን ከመዝጋቢዋ አፍ ስትሰማ እስኪያማት ሳቀች። ሳቋ ሲያባራ ንዴቷ ተመልሶ መጣ፤ አናጺው ምን ብሎ እንደሰደባት ጠየቀቻት።

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ንገሪኝና ስድቡን ለሚገባው፣ ለሥራ አስኪያጃችን ላድርሰው።»

መዝጋቢዋ ግን እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም ብላ እምቢ አለቻት።